ባሕር ሸሽ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው መቀመጫ ሳይኖረው ዕቃ ለሚያግበሰብስ ሰው ነው። እኔ ግን ሥራዬ ቤት መንደፍ ስለሆነ ቃል በቃል እሰማዋለሁ። ግንድ ማለት ምሰሶ ነው፤ ማገርና ወራጅ ነው። ዓባይ በክረምት ያን ሁሉ የቤት እንጨት ተሸክሞ ይወርዳል፤ አንዱንም ግን ምሰሶ አድርጎ አያቆመውም። እኛ ደግሞ ቤታችንን ሠርተን ሳንጨርስ ውሃ ያምረናል። አቅም ያለው ሰው «የማረፊያ ቤቴ» ብሎ የሚያልመው ቤት ከሞላ ጎደል ውሃ ዳር ነው፤ ዕቃ ያልበዛበት፣ ጸጥ ያለ፣ ከዛፉና ከሐይቁ ጋር አንድ የሆነ። ማደሪያ ከሌለው ጋር ማደር እንፈልጋለን። ይህ ምኞት ምን እንደሚጠይቀን ያስተማረኝ አንድ ቃል ነው፤ ቃሉንም የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ ከአንዲት ደንበኛዬ ጋር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ቆሜ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል አሜሪካ በነርስነት ሠርተው ቀሪ ዘመናቸውን በአገራቸው ለማሳለፍ የተመለሱ እናት ናቸው። ፍላጎታቸውን በአጭሩ ነበር የነገሩኝ፤ «ልጄ፣ ዕቃ ሰልችቶኛል። ግድግዳው መስታወት ይሁንና ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ውሃውን ልየው። ቤቱ ከተፈጥሮ ጋር ይዋሐድልኝ።» እንዲህ ያለ ደንበኛ ብርቅ ነው። የያዝኩት ንድፍም ደስታዬን ይናገር ነበር፤ አንድ ረጅም ክፍል፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት፣ መኝታው ከውሃው ዐሥር እርምጃ። አራት ችካል ተክለን ሲባጎ ወጠርን።

ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ የወረዱ አንድ አዛውንት ቆም ብለው ሲያዩን ቆዩ። ሲባጎውን ላለመርገጥ ተጠንቅቀው ዞረው መጡና ምን እንደምንሠራ ጠየቁ። ነገርኳቸው። በዱላቸው ጫፍ ሲባጎውን ነካ አድርገው «ይኼማ ባሕር ሸሽ ነው» አሉ።

«ምን ማለት ነው አባቴ?» አሉ ደንበኛዬ።

«ባሕሩ ሲሸሽ የሚተውልን መሬት ነዋ። ሽምብራ እንዘራበታለን፤ ጓያ እንዘራበታለን። እሱ ሲመለስ ደግሞ እንለቅለታለን።»

ይህን ብለው ከብቶቻቸውን ነድተው ሄዱ። እኔ ግን ሲባጎዬ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ዓመት የተማርኩት ትምህርት ያልሰጠኝን ነገር ሁለት ቃል ሰጠኝ። መሬቱ በባለቤቱ ስም አልተጠራም፤ በሚያበቅለው እህልም አልተጠራም። የተጠራው ውሃው በሚያደርገው ነገር ነው። ሸሽቶ የሚመለስ ነው ባለመሬቱ፤ ሰው የሚያርሰው በተውሶ ነው።

እኛ ነዳፊዎች ዳርቻን በወረቀት ላይ አንድ መስመር አድርገን እንሥላለን። ከመስመሩ ወዲህ የብስ፣ ከመስመሩ ወዲያ ውሃ። የጣና ገበሬ ግን መስመር አያውቅም። ሐይቁ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ብሎ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በገደል ዳር አንድ ሜትር ተኩል በድንጋዩ ላይ የሚቀር እድፍ ብቻ ነው፤ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ግን አንድን ማሳ በሙሉ ይውጣል። ስለዚህ ዳርቻ ማለት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ወቅትም ነው። ንድፌ የተሣለው በሚያዝያ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበትን ቤት ለአንድ ወር ነድፌው ኖሯል።

ይህም ውሃው ልማዱን ሲጠብቅ ነው። አገራችን ልማዳቸውን የተዉ ሐይቆችንም አይታለች። የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ጀልባ የሄደበት መሬት ከብት የሚሄድበት ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ውሃው ተመልሶ ታየ። በመተሐራ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ የሚያየው የበሰቃ ሐይቅ በተቃራኒው ሰውን እየተከተለ ሰፋ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውራ ጎዳናውንም የባቡር ሐዲዱንም አስጨንቋል። አንዱ ሐይቅ ከዳር የነበረውን ሰው ትቶት ሄደ፤ ሌላው ሰው ከነበረበት ድረስ መጣ። በውሃ ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ከሁለቱም ጋር ለመኖር መዘጋጀት አለበት።

ለዚህ በውሃ ዳር የማደር ምኞት ታላቅ ምሳሌ የሰጠችው ግን አንዲት የቺካጎ ሐኪም ናት። ኢዲት ፋርንስዎርዝ የኩላሊት ሕክምና ባለሙያ ነበረች። ከጀርመን ወደ አሜሪካ ከፈለሰው አርክቴክት ከሚስ ቫን ደር ሮኸ ጋር እ.ኤ.አ. በ1945 በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ተዋወቀች። በኢሊኖይ ግዛት በፕላኖ ከተማ አጠገብ፣ ከፎክስ ወንዝ ዳር፣ የዕረፍት ቤት እንዲሠራላት ጠየቀችው። ቤቱ በ1951 ተጠናቀቀ። ስምንት ነጭ የብረት ምሰሶዎች አንድ ወለልና አንድ ጣሪያ ይሸከማሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ መስታወት ነው። በውስጡ አንድ ክፍል ብቻ አለ፤ ወጥ ቤቱና መታጠቢያዎቹ መሐል በቆመ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተሰብስበዋል። ወለሉ ከጣሊያን የመጣ ትራቨርቲን የተባለ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲህ በመጽሔት የምናያቸው የመስታወት ቤቶች ብዙዎቹ የዚህ ቤት ልጆች ናቸው።

እኔ ይህን ቤት እወደዋለሁ፤ የምናገረውም እንደሚወድ ሰው ነው። ሚስ መሬቱ ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ መሆኑን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ወለሉን ከመሬት 1.6 ሜትር ገደማ አነሣው። ቤቱ በአየር ላይ የቆመ የሚመስለው፣ ያ የሚደነቅ ቅለቱ የመጣው ከጥንቃቄ ነው፤ ውሃን ከማክበር። ነገር ግን ክብሩ አልበቃም። ቤቱ በተጠናቀቀ በሦስት ዓመቱ፣ በ1954፣ ወንዙ ወለሉን አልፎ ገባ። በ1996 መስታወቱን ሰብሮ ከወለሉ በላይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቆመ። በ2008ም ተመለሰ። ምክንያቱ ወንዙ ብቻ አይደለም። በላይኛው ተፋሰስ ከተሞች ሲሰፉ፣ ሣርና እርሻ የነበረው በአስፋልትና በጣሪያ ሲሸፈን፣ መሬት ትጠጣው የነበረው ዝናብ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ። ውሃ ዳር የቆመ ቤት ከወንዙ በላይ ላሉት ሰዎች ኑሮ ሁሉ ጎረቤት ነው፤ አይቷቸው ባያውቅም።

ለባለቤቱ ለፋርንስዎርዝም አልተመቻትም። በበጋ ሙቀቱ፣ በክረምት መስታወቱ ላይ የሚወርደው ላብ፣ ማታ መብራቱን ፈልጎ የሚመጣው ነፍሳት አስቸገራት፤ ከሁሉ በላይ ግን መታየቱ። በአራቱም አቅጣጫ ማየት የሚችል ሰው በአራቱም አቅጣጫ ይታያል። ቤቱ በ2003 በጨረታ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ በቅርስ ጠባቂ ድርጅቶች እጅ ገባ። ዛሬ ከመላው ዓለም ሰው ሊያየው ይሄዳል፤ የሚያድርበት ግን የለም። ጠባቂዎቹ በጎርፍ ጊዜ ቤቱን በሞላው ወደ ላይ የሚያነሣ ማሽን ከሥሩ ስለመትከል እስከማሰብ ደርሰዋል።

ስለ መስታወት ሳስብ አንድ ቀላል ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቀን መስታወት ሐይቁን ያሳያል። ፀሐይ ገብታ ውስጡ መብራት ሲበራ ግን ያው መስታወት መስተዋት ይሆናል። ውሃውን ልይ ብሎ ግድግዳውን ያፈረሰ ሰው ከምሽት እስከ ንጋት የሚያየው የራሱን ሶፋና የራሱን ፊት ነው። ጨረቃ ውሃው ላይ የምታደርገውን ለማየት መብራቱን ማጥፋት ወይም ወደ ደጅ መውጣት አለበት። ተፈጥሮን ወደ ቤት ለማስገባት ብለን የምናደርገው ነገር፣ ልብ ካላልን፣ ከተፈጥሮ ደጃፍ ላይ የራሳችንን ምስል ይሰቅላል።

እዚህ ላይ ደንበኛዬ የተጠቀሙበት ቃል ይመጣል፤ «ይዋሐድልኝ»። አማርኛችን ይህን ቃል በከንቱ አላገኘውም። አባቶች ስለ ተዋሕዶ ሲያስተምሩ ቃሉን አጥር ሠርተውለታል፤ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ውላጤ፣ ያለ ኅድረት ይላሉ። ቱሳሔ መደባለቅ ነው፤ ውላጤ መለወጥ ነው፤ ኅድረት ደግሞ ሰው በቤት እንደሚያድር ማደር ነው። ምሥጢሩ የሃይማኖት ነው፤ ለኮርኒስና ለግድግዳ ማውረድ አልፈልግም። ግን አንድ ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን ስለ አንድነት ሲጨነቅ የቋንቋው ጆሮ ይሠላል። ቅጠልያ ቀለም የተቀባ ቤት ከጫካ ጋር ተመሳሰለ እንጂ አልተዋሐደም። ሐይቁን ደልድሎ ውሃው ውስጥ ምሰሶ የተከለ ቤት ተደባለቀ፤ ሐይቁንም ለወጠው። መዋሐድ ሁለቱም የራሳቸውን ሳይለቁ አንድ ኑሮ ሲኖሩ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ዓባይ ከሐይቁ ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል ሲባል ይሰማል። የውሃ ምርመራ የሚያደርግ ባለሙያ ሌላ ይል ይሆናል፤ ተረኩ ግን የሚናገረው ሕዝቡ ስለ አንድነት ያለውን አሳብ ነው። አብረው ይኖራሉ፤ ይተዋወቃሉ።

ይህን አንድነት በዓይኔ ያየሁት እዚያው ጣና ላይ፣ በዘጌ ነው። ከባሕር ዳር ከተማ በጀልባ ስትሄዱ ልሳነ ምድሩ ከሩቅ ጫካ ብቻ ሆኖ ይታያል። ገዳማቱ ከዚያ ውስጥ አሉ፤ ከውሃው ላይ ግን አይታዩም። ከጀልባ ወርዳችሁ በቡና ጥላ ሥር ያለውን ጠባብ መንገድ ትወጣላችሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርሱ ክብ ሕንፃ ከዛፎቹ መካከል ብቅ ይላል፤ ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል የተሰካበት መስቀል። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ቅኔ ማኅሌቱ ደብዘዝ ያለ ነው። ዓይን እስኪለምድ ድረስ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች አንድ በአንድ ነው የሚወጡት፤ መጀመሪያ ትልልቆቹ ዓይኖች፣ ቀጥሎ ቀዩ ልብስ፣ ቀጥሎ ፈረሱ። ሐይቁን የሚያሳይ መስኮት የለም። ግን ሐይቁ መኖሩን አንገታችሁ ያውቃል፤ በበሩ የሚገባው ነፋስ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ግድግዳው የጭቃና የእንጨት ነው። ክበቡ ከውጭ ወደ ውስጥ በሦስት ይከፈላል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። እየገባችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የሚፈቀደው ሰው ይቀንሳል። ሕንፃው ራሱ ርቀትን ያስተምራል፤ የከበረ ነገር እንዲሁ ተሮጦ አይደረስበትም።

ጫካውንስ ማን አቆየው? ቅርጹ ያማረ ሕንፃ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ነውር ነው። ሕዝቡ ይህን ሥርዓት ከጥንቱ ቅዱስ ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን የወረሰው መሆኑን ይተርካል። በሬና ማረሻ ባለመግባታቸው ዛፉ ቆመ፤ ከዛፉ ጥላ ሥር ቡናው በቀለ፤ በቡናው ሰው ኖረ። ከተፈጥሮ ጋር የተዋሐደው የአኗኗሩ ሕግ ነው፤ ሕንፃው ከዚያ በኋላ በጥላው ሥር ቦታ አገኘ። እኛ ግን በተቃራኒው ቤቱን አስቀድመን እንነድፍና ኑሮውን እዚያ ውስጥ እናስገድዳለን።

ስለ ቅንጦትም ልናገር። ጥቂት ዕቃ ያለው ቤት ርካሽ አይደለም። ባዶ የሚመስል ግድግዳ ከጀርባው ብዙ መደርደሪያ፣ ብዙ ሽቦ፣ ብዙ የሰው እጅ ይደብቃል። በየቀኑ የሚወለወል መስታወት የሚወለውለው ሰው ይፈልጋል። ዕቃ መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ጥቂት መፈለግ ሌላ። ገዳም ውስጥ ያለ አባት በአንድ ቁርበትና በአንድ መጽሐፍ የሚኖረው ክፍሉ እንዲያምር ብሎ አይደለም፤ ሌላ ስለማያስፈልገው ነው። ይህን ስል ድህነትን ማወደሴ አይደለም። የሚያፈስ ጎጆ ውስጥ ልጆቿን የምታሳድግ እናት «በጥቂት ኖረች» ብሎ ማመስገን ነውር ነው፤ እሷ አልመረጠችውም። የምናገረው መምረጥ ስለሚችል ሰው ነው። መምረጥ የሚችል ሰው ከሚገዛው ይልቅ በሚተወው ነው የሚታወቀው። በውሃ ዳር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ቅንጦት የሚተዉት መሬት ነው።

ስሪላንካዊው አርክቴክት ጄፍሪ ባዋ ይህን የኖረው ይመስለኛል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደዱዋ በተባለ ሐይቅ ዳር አንድ የጎማ ዛፍ እርሻ ገዛ፤ ሉኑጋንጋ ብሎ ሰየመው። ከዚያ ከአርባ ዓመታት በላይ ሠራበት። የሠራው ግን አብዛኛው ቤት አልነበረም፤ ኮረብታውን ዝቅ ማድረግ፣ አንዱን ቅርንጫፍ ማስጎንበስ፣ የሕዝቡን መንገድ ሳይዘጋ ከዓይን መሰወር፣ ከዛፍ ሥር አንድ ትልቅ እንስራ አስቀምጦ ዓይን ከእሱ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ እንዲሻገር ማድረግ። በ2003 ሲሞት አትክልቱ ገና እያደገ ነበር። ውሃን ማሳየት ማለት ሁሉን መክፈት እንዳልሆነ ከእሱ ተማርኩ። አንድ ነገር ሲጋረድ ሌላው ይታያል።

ወደ ጣና እንመለስ። ሲባጎውን ጠቅልዬ ንድፉን ከመጀመሪያው አነሣሁት። ቤቱን ወደ ላይ ወሰድኩት፤ ውሃው ከሚደርስበት ምልክት በላይ፣ ከሾላዎቹ ጀርባ። ግድግዳው ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ ወፍራም፣ ቀን ሙቀቱን የሚያቆይ። አንድ የነበረው ረጅም ክፍል ሁለት ሆነ። ወደ ሐይቁ አንድ መስኮት ብቻ ቀረ፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን ባለበት ከፍታ፣ ከሥሩ የድንጋይ መደብ ያለው። ቆሞ የሚያልፍ ሰው ቅጠል ያያል፤ ቁጭ ያለ ሰው ውሃውን ያያል። ሰፊ በረንዳና ረጅም የጣሪያ ክፈፍ ሠራሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሳይሸሽ ተቀምጦ እንዲሰማው።

የማይታየው ሥራ ከሚታየው በለጠ። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከውሃው በተቃራኒ ወገን፣ ፍሳሽ በማያሳልፍ ግንብ ተሠራ። እንግሊዞች የሚወዱት ዓይነት የተከረከመ ሣር አልተተከለም፤ እሱ ማዳበሪያ ይጠይቃል፤ ማዳበሪያና ፍሳሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን ያስጨነቀው የእምቦጭ አረም ምግብ ናቸው። ዳርቻው ላይ ያለው ደንገል ሳይነካ ቀረ። ደንገል ከቤት ሆኖ ለሚያይ ሰው ውሃውን ይጋርዳል፤ ለዓሣ ጫጩት ግን ቤት ነው፤ ለታንኳ ሠሪው እንጀራ ነው፤ ከላይ የሚወርደውን ደለል የሚያጣራውም እሱ ነው። አጥሩ ከባሕር ሸሹ በላይ ላይ ቆመ። ከብቶቹ የሚወርዱበት፣ ጀሪካን የያዙ ልጆች የሚመላለሱበት መንገድ እንደነበረ ቀረ። ከተፈጥሮ ጋር ይዋሐዳል ተብሎ ሰውን ከውሃው የሚያግድ ቤት ከማን ጋር ተዋሐደ ይባላል? ሰውም እኮ የዚያ ዳርቻ ፍጥረት ነው።

ይህ ሁሉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ደንበኛዬ አዲሱን ንድፍ ሲያዩ ከፋቸው። «ውሃውን አራቅህብኝ» አሉኝ። ልከራከራቸው አልፈለግሁም፤ በቃል የሚረታ ነገር አልነበረም። «እስከ መስከረም ይታገሡኝ» አልኳቸው።

መስከረም አጋማሽ ላይ አብረን ወረድን። አደይ አበባው ወጥቶ ነበር። በሚያዝያ ከተከልናቸው ችካሎች ሁለቱ ጭራሽ አይታዩም። የመኝታ ቤታቸው ማዕዘን የነበረችው ችካል ከውሃው በላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ ቀርታለች፤ ማዕበሉ በመጣ ቁጥር ትጠፋለች፤ ደግሞ ብቅ ትላለች። ነጠላቸውን ሰብስበው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ወደ ሾላዎቹ፣ አዲሱ ቤት ወደሚቆምበት አዩ፤ እንደገናም ወደ ውሃው። «ለካ እኔ ሳልሄድበት እሱ ይመጣ ኖሯል» አሉ በቀስታ። ችካሎቹን ላስነቅል ስል «ያቺን ተዋት» አሉኝ።

ቤቱ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። አዛውንቱ ውሃው ሲሸሽ ከችካሏ ዙሪያ ሽምብራቸውን ይዘራሉ። ደንበኛዬ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይደውሉልኛል። ብዙም አያወሩም። ከሩቅ የሚጠበቅ እንግዳ ደጃፍ ላይ ሲታይ እንደሚባለው፣ በደስታ «ደረሰ» ብቻ ይሉኛል።